በረዶ ውስጥ የቀበርኩት ብልቃጥ

ትምህርት ቤት በበረዶ ምክንያት ተዘግቷል ሲባል የማይደሰት ልጅ የለም። እኔም ያን ረቡዕ ጠዋት አልጋዬ ላይ እዘልል ነበር። ለፈረንጆች ገና አምስት ቀን ቀርቶታል፤ ዓመቱ በእነሱው አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስድስት ነው፤ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ። እናቴ ጌጥነሽ ግን የሥራ ልብሷን ለብሳ መስኮቱ ጋ ቆማለች። ዴንቨር አጠገብ ያለችው የከተማችን የአውሮራ ሰማይ ዝቅ ብሎ መኪና ማቆሚያው ላይ የተደፋ ይመስላል።

አባቴ ብዙነህ ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሻትል ይነዳ ስለነበር ገና ሳይነጋ ወጥቷል። እኔን የሚይዝ ሰው አልነበረም።

«ልበሺ» አለችኝ እናቴ። «ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ። ግን እዚያ ቤት ድምፅሽ እንዳይሰማ። ልጅ ይዛ መጣች ከተባለ ሥራዬን አጣለሁ።»

«ዋይ?» አልኳት በእንግሊዝኛ፤ ለምን ለማለት።

«ዋይ አትበይኝ። ካልሲሽን ደርቢ።»

በዐሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ የኮልፋክስን ጎዳና ይዘን ወደ ዴንቨር ሄድን። ሹፌሩ በየፌርማታው አውቶቡሱ እየተንሸራተተበት ይራገማል። ወርደን ሦስት መንገድ ያህል ወደ ውስጥ በእግር ገባን። እናቴ የምትሠራው አንዲት የዘጠና አንድ ዓመት አሜሪካዊት ቤት ነበር፤ ታጥባቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች። ስማቸው ኧርማ ነው። እናቴ «እማማ ኧርማ» ነበር የምትላቸው። ሐኪሞች ከእንግዲህ የምናደርገው የለም፣ ቤታቸው በሰላም ይረፉ ብለው እንደላኳቸው ያን ጊዜ ማንም አልነገረኝም። እኔ የማውቀው ታመዋል የሚለውን ብቻ ነው። የታመመ ሰው ደግሞ ይድናል።

ቤቱ ይሞቃል፤ የቪክስና የአሮጌ ምንጣፍ ሽታ አለው። እማማ ኧርማ ሳሎን ውስጥ በተዘረጋ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝተዋል። ስሜን ጠየቁኝ።

«ቤዚ» አልኳቸው።

«ቢዚ?» አሉና ሳቁ። «ቢዚ ከሆንሽማ ሥራ አይጠፋልሽም።» በጣታቸው አንድ የብርጭቆ ሳህን አሳዩኝ፤ ከረሜላ ሞልቶበታል። ወደድኳቸው።

እስከ ቀትር በረዶው የጎረቤቱን መኪና ጎማ ዋጠው። ከሰዓት በኋላ እናቴን የምትተካት ሴት ደውላ መንገድ ተዘግቷል፣ አልመጣም አለች። አውቶቡሱም ቆመ። አባቴ ከኤርፖርት ደወለ፤ አውሮፕላኑ ሁሉ ቀርቷል፣ ሰው ወለል ላይ ተኝቷል፣ መውጫ የለም አለ። እናቴ ስልኩን ዘግታ «እዚሁ ነን» አለችኝ። ሶፋው ላይ አነጠፈችልኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከዚያ ቤት እንደማንወጣ፣ ከሦስታችን አንዳችን ደግሞ ጭራሽ በእግሯ እንደማትወጣ አላወቅሁም።

ሐሙስ ጠዋት የቀሰቀሰኝ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ማንቆርቆሪያ ተጥዶ የሚንተከተክ መስሎኝ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከእማማ ኧርማ ጉሮሮ ነው። ዓይናቸው ገርበብ ብሏል፤ እኔን ግን አያዩም። እናቴ ትራሱን ከፍ አድርጋ፣ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጥጥ እያራሰች «አይዞዎት፣ እማማ፣ አይዞዎት» ትላቸዋለች፤ በአማርኛ።

ከዚያ እማማ ኧርማን የምትከታተለው ነርስ ጋ ደወለች። የእናቴ እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ሲሆን ያግባባታል። ስልክ ላይ ሲሆን ግን ይሸሻታል። «ፕሊዝ፣ ስሎው» አለች ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በመጨረሻ ዘወር ብላ አየችኝ። ያን አስተያየቷን ዛሬም አልረሳውም፤ ልትጠራኝ አልፈለገችም ነበር።

«ቤዚ፣ ነይ። የምትለውን ንገሪኝ።»

ነርሷ ሊንዳ ትባላለች። «ስንት ዓመትሽ ነው?» አለችኝ። ዘጠኝ አልኳት። ሌላ ትልቅ ሰው ቤት ውስጥ አለ ወይ አለችኝ። የለም አልኳት። እንግዲያው ቀስ ብዬ እነግርሻለሁ፣ ጎበዝ ነሽ አለችኝ።

«ፍሪጅ ውስጥ ነጭ ሣጥን አለ ትላለች። እዚያ ውስጥ ትንሽ ብልቃጥ። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ አለው። እስከ ሩብ መስመሩ ቅጂና ምላሷ ሥር አድርጊላት ትላለች።»

«ምላሳቸው ሥር በይ» አለች እናቴ፤ በዚያ ጭንቀት መሃል እንኳን።

«ምላሳቸው ሥር።»

«ከዚያስ? ጠይቂልኝ።»

ሊንዳ የመለሰችልኝን እንዳለ፣ ቃል በቃል ወደ አማርኛ አመጣሁት። «ሳትቸገር እንድትሄድ ይረዳታል ትላለች።»

የእናቴ እጅ ብልቃጡ ላይ ቀረ። «እንድትሄድ ነው ያለችው?»

«አዎ። እንድትሄድ።»

ብልቃጡ ውስጥ የነበረው ሞርፊን ነው። ዛሬ አውቀዋለሁ፤ በልኩ ሲሰጥ ጣርን ያቀላል እንጂ ሰው አይገድልም። እናቴም ከሥልጠናዋ ታውቀዋለች። እጇ የቆመው መድኃኒቱን ፈርታ አልነበረም። የእማማ ኧርማ ሰዓት መድረሱን የነገረቻት የገዛ ልጇ ስለሆነች ነው። እኔ ግን ያን ጊዜ የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰው የሚያስኬድ መድኃኒት አለ፤ እናቴም እጅ ላይ ነው።

አራት ጊዜ ሰጠቻቸው። በሰጠቻቸው ቁጥር ሰዓት እያየች በትንሿ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። በየመሃሉ የሚንተከተከው ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግን እያንዳንዱ ጠብታ አንድ ነገር ሲወስድባቸው ይታየኝ ጀመር። ስምንት ሰዓት ገደማ ጨርሶ ጠፋ። ቤቱ ውስጥ የቀረው የማሞቂያው ንፋስ ብቻ ነበር።

«ወጥ ቤት ግቢ» አለችኝ እናቴ። ገባሁ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርጌ አየሁ። እናቴ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። መዳፏን ፊታቸው ላይ አሳረፈችና ወደ ታች ሳበችው። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ፈታች፤ በአገጫቸው ሥር አዙራ አናታቸው ላይ አጥብቃ ቋጠረችው። እማማ ኧርማ አልተቃወሟትም።

ለሟች እንዲህ ይደረጋል፤ ዓይን ይከደናል፣ አገጭ ይታሰራል። ማን ነግሮኝ? አፋቸውን የምታፍን መሰለኝ።

እናቴ ነርሷ ጋ ደውላ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ ጥቂት ቃል ተናገረች፤ ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብታ እንደገና ስልኳን አወጣች። የደወለችው ለእታለም ነው፤ ለጓደኛዋ፤ ይህን ሥራ ያስገባቻትም እሷ ናት። በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ውሃውን ከፍታው ስለነበር የምሰማው ቁርጥራጭ ነው።

«እታለም… ገደልኳት… ገደልኳት እኮ!» ውሃው ይፈስሳል። «በገዛ እጄ… አይ፣ አታጽናኚኝ… አዎ፣ ፖሊስ ይልካሉ… አባቷስ ምን ይለኛል? ለአባቷ ምን ብዬ ልመልስ ነው?»

አባቷ የሚለው ላይ ብቻ ትንሽ ቆምኩ፤ የዘጠና አንድ ዓመት ሴት አባት ከየት ታመጣለች? ግን ቸርች ውስጥ የልጆች ክፍል የሁላችንም አባት ማን እንደሆነ ተምሬያለሁ። እናቴን የጨነቃት ለእግዚአብሔር የምትሰጠው መልስ ነው።

እኔን የጨነቀኝ ፖሊሱ ነበር።

ብልቃጡ አልጋው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ወደ እማማ ኧርማ ሳላይ አነሣሁት። ሲሪንጁን ተውኩት። በጀርባው በር፣ በካልሲዬ እንደሆንኩ ወጣሁ። በረዶው እስከ ወገቤ መጣ። ቅዝቃዜው መጀመሪያ እንደ እሳት ነበር፤ ከዚያ እግሬ የኔ መሆኑ ቀረ። ሦስት አራት እርምጃ ያህል እንደዋኘሁ ክንዴ የደረሰበት ድረስ ቆፈርኩ፤ ብልቃጡን አስገብቼ ደፈንኩት። አቤል ሲገደል ደሙ ከምድር ጮኸ ተብለን ነበር። ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ። በረዶው ዝም ብሎ ይወርዳል።

ነርሷ መምጣት ስላልቻለች አንድ ፖሊስ በረዶ የሚጠርገውን መኪና ተከትሎ መጣ። ጭልምልም ማለት ጀምሯል። በሩን ሞልቶ ገባ፤ ጢሙ ላይ በረዶ አለ። ቆቡን አውልቆ እማማ ኧርማን አየ፤ እጃቸውን ነካ፤ ከዚያ ማስታወሻውን አወጣ። እናቴን አንድ ሁለት ነገር ጠይቋት ስትቸገር እኔን አየኝ።

«እናትሽን ትረጃልኛለሽ?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ምን መድኃኒት እንደሰጠቻቸው ጠይቂያት።»

ወደ እናቴ ዞርኩ። «ደህና ናችሁ ወይ ይላል።»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በይው።»

«ምንም አልሰጠቻትም» አልኩት በእንግሊዝኛ።

ፖሊሱ ማስታወሻውን አየ። «ነርሷ ግን በስልክ እናትሽ አንድ መድኃኒት ሰጥታለች ብላኛለች። ብልቃጡ የት አለ? አምጪው በያት።»

«ውሃ ይፈልጋል» አልኳት።

እናቴ ሄዳ በብርጭቆ ውሃ አመጣችለት። ሰውየው ብርጭቆውን ተቀብሎ እሷን አየ፣ እኔን አየ። አልጠጣውም። «ሞርፊን» አለ ቀስ ብሎ፣ ለእሷ። «ሜዲስን። ዌር?»

እናቴ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ወደ እኔ ስትዞር ፊቷ ተለውጧል። «ቤዚ። ሰውየው ውሃ አልጠየቀም። ምንድን ነው የሚልሽ?»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጠረጴዛው ጋ ሄዳ እጇን ሰደደች። ሲሪንጁ አለ፤ ብልቃጡ የለም። አልጋው ሥር አየች፤ አንሶላውን ገለጠች። ደብተሯን ከኪሷ አውጥታ ለፖሊሱ ዘረጋችለት። «አይ ጊቭ» አለችው ደረቷን በጣቷ እየነካች። «ሚ። ፎር ታይም። አይ ጊቭ።»

እኔ ነኝ አራት ጊዜ የሰጠሁት ማለቷ ነው። አመነች! እሱ ሬዲዮኑን አነሣ። ከተናገረው ውስጥ የለም የሚለውን ሰማሁ፤ ጠፍቷል የሚለውንም። ድምፁ እንደ ቅድሙ አልነበረም። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሲጠፋ ተንከባካቢዋ ሰርቃ ነው ተብሎ እንደሚጠረጠር፣ እናቴን እስር ቤት አፋፍ ላይ ያቆማት የኔው መደበቅ እንደሆነ ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

እናቴ ፊቴ ተንበረከከች። እግሬን ያየችው ያን ጊዜ ነው፤ ካልሲዬ ርሶ ከሥሬ ውሃ ተኝቷል። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ እስከ ጀርባው በር ይሄዳል። ፖሊሱም አየው።

«ልጄ፣ ውጪ ነው?» አለችኝ። አልተቆጣችም። መቆጣቷን እመርጥ ነበር።

ሦስታችንም ወጣን። የቆፈርኩበት ሞልቶ ቦታው ጠፍቶኛል። እናቴ በባዶ እጇ ትጭራለች፤ ፖሊሱ በባትሪው ያበራል፤ እኔ እዚያ፣ አይ እዚህ እላለሁ። ላግኝላት ወይስ ላላግኝ፣ የቱ እንደሚያድናት አላውቅም። የእናቴ ጣቶች ቀልተው ሊደሙ ምንም ያልቀራቸው መስለው ነበር። በመጨረሻ ያገኘችው እሷ ናት።

ፖሊሱ ብልቃጡን ወደ መብራት አንሥቶ የቀረውን አየ። ሊንዳ ጋ ደወለ፤ ደብተሩን ገለጠ። እናቴ ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፋው ኖሮ፣ ነርሷ ዐሥር ሰዓት ያለችው ደብተሩ ላይ አራት ነው። ግንባሩ ተቋጠረ። እናቴ ስድስት ጣት አወጣችና ደምር አለችው። ደመረ። አራቱም ልክ መጡ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ስሚ» አለኝ። «እናትሽ ያደረገችው ሁሉ ልክ ነው። ንገሪያት።»

«ልክ ነሽ ይላል» አልኳት። በልቤ ግን አላወቀም አልኩ። ትልልቅ ሰዎች ለልጅ እንዲህ ይላሉ፤ እሱ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አልነበረም።

አባቴ ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ወሰደን። ከሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን፣ የቤታችን በር ተንኳኳ። በመስኮት ሳይ ያው ፖሊስ ነው። አልጋዬ ሥር ገባሁ። ያወቀባት፣ ሊወስዳት የመጣ መሰለኝ፤ የምንጣፉን ጠርዝ ነክሼ ጠበቅሁ። በሩ ተዘጋ። ወጥቼ ሳይ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ወረቀት በጥቃቅኑ እየቀደደች ውሃ ትለቅበታለች። ማስረጃ ታጠፋለች አልኩ።

ወደዚያ ሥራም አልተመለሰችም። ዳውንታውን ቢሮ ማጽዳት ጀመረች። አባቴ ለምን ተውሽው ሲላት «ልጅቷ እንዳትሰማ» ስትለው ሰማሁ። ሁሉም ነገር ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ባመመኝ ቁጥር የምትሰጠኝን ሽሮፕ አፌ ውስጥ ይዤ ዘወር ስትል ፎጣ ላይ እተፋው ነበር። እወዳት ነበር እኮ። ስትስመኝ አንገቷን አቅፋታለሁ። እጇን ግን እፈራው ነበር። ለአባቴ አልነገርኩም፤ ለማንም አልነገርኩም። ዓመት ዓመትን እየተካ ነገሩ አሳብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ጠባይ ያለ ነገር ሆነ። አላስበውም፤ ግን አለ።

ባለፈው ክረምት የአንድ ዓመት ልጄ ትኩሳት ይዟት እናቴ ልትጠይቃት መጣች። መድኃኒቱን በማንኪያ ቀድታ ወደ ልጄ አፍ ስትዘረጋ እጄ ሳላዘው ተወርውሮ ማንኪያውን ነጠቃት። ፈሳሹ የእናቴ ደረት ላይ ፈሰሰ። ደረቷን ጠርጋ ወደ ወጥ ቤት ገባች። በማግስቱ አውሮራ ውስጥ ሃቫና በሚባለው መንገድ ላይ ዕቃ ገዝተን መኪናዋ ውስጥ ገባን። ሞተሩን አስነሥታ የመስተዋቱ በረዶ እስኪቀልጥ እየጠበቅን ሳለ ጠየቀችኝ።

«ትናንት ለምን ነጠቅሽኝ?»

እንጃ ልላት ነበር። የወጣው ሌላ ነው። «ለእታለም ስትነግሪያት ሰምቻለሁ። ያን ጊዜ፣ መታጠቢያ ቤት ሆነሽ። ገደልኳት አልሽ።»

«ማንን?»

«እማማ ኧርማን።»

አፏን ከፍታ አየችኝ። «እኔ? እማማ ኧርማን ‹ገደልኳት› እላለሁ እኔ? እናቴን የሚያህሉ ሴትዮ? አንድ ቀን እንኳ አንቺ ብያቸው ታውቂያለሽ? እሺ፣ ገድያቸው ቢሆን ገደልኳቸው ነበር የምለው!»

ሃያ ስምንት ዓመት አማርኛ የተናገርኩ ሰው ነኝ። በዚህ ሁሉ ዘመን ይህቺ አንዲት ፊደል አልታየችኝም።

«ታዲያ ማንን ነው?» አልኩ፤ ምንም እንኳ መልሱ እየመጣልኝ ቢሆንም።

«አንቺን ነዋ! ዘጠኝ ዓመትሽ። ሞትን በልጄ አፍ አስተረጎምኩ፤ አጠገቧ ሰው ሞተ፤ ገደልኳት አልኩ፣ ልጄን። ብዙነህ ሲሰማ ምን ይለኛል ብዬ…»

«አባቷ ስትዪ እኔ… እግዚአብሔርን መስሎኝ።»

ሳቅ አመለጣት። ወዲያው ጠፋ። ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አጠለቀች።

«እና ብልቃጡ? እኔ እኮ ልጄን ነገሩ አስፈርቷት ነው የደበቀችው ብዬ…»

«እንዳያገኙብሽ ነው።»

መስተዋቱ ላይ የነበረው በረዶ በትልልቁ እየተላቀቀ ወረደ። እናቴ ወደ ፊት እያየች ነበር የምትናገረው።

«ያ ፖሊስ ቤት ድረስ የመጣ ዕለት ካርድ ሰጥቶኝ ነበር። የልጆች አማካሪ ስልክ ነው። ልጅሽ የከበዳት ነገር አለ፣ ከሰው ጋር ታውራ አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባኝ። እኔ የገባኝ መንግሥት ልጅሽን ሊያያት ነው የሚለው ነው። ይወስዱብኛል ብዬ ቀደድኩት። አባትሽም አያውቅም።» ድምፏ ቀጠነ። «ያኔ ወስጄሽ ቢሆን ኖሮ በዚያው ይወጣልሽ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት ባልተሸከምሽው። አጠፋሁ፣ ልጄ።»

«ብትወስጂኝም አልናገርም ነበር።»

«ለምን?»

«ይወስዱሻል ብዬ።»

መስተዋቱ ጠርቷል፤ መንገዱም ክፍት ነበር። እናቴ እጇን ሰደደችና ሞተሩን አጠፋችው፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።